ድንጋዩና የተጠገነው ክንድ

ሶልያና ከደባርቅ ተነስታ ቧሂት አናት ላይ እስክትደርስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። አጠገቧ የተቀመጡት አያ አገኘሁ ግን ዝምታ የማይሆንላቸው ሰው ናቸውና ስለ ዘንድሮ ገብስ፣ ስለ ጉልበታቸው ቁርጥማት፣ ስለ ሾፌሩ አነዳድ ብቻቸውን ሲያወሩ መጡ። እኒህ ሽማግሌ የአባቷ የአጎት ልጅ ሲሆኑ፣ ሴት ልጅ ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ብቻዋን አትሄድም ተብሎ ከዳባት የተጠሩ ናቸው። እሷ አንዲት ወረቀት በእጇ ጨምድዳ ይዛ በመስኮት ወደ ገደሉ ታያለች። ገደሉ ምን በደላት? ምንም። ግን የዚያን ቀን ያላስቀየማት ነገር አልነበረም።

ታሪኩን ስትከታተሉ የከረማችሁ ምን እንዳናደዳት ታውቃላችሁ። ዛሬ የመጣችሁ ደግሞ እንዳትቸገሩ ባጭሩ ልንገራችሁ። አቶ ዋሴ ደባርቅ ላይ ሎጅና የጭነት መኪና ያላቸው ሰው ናቸው፤ ሶልያና ልጃቸው ናት። ፀጋው የመካነ ብርሃን ልጅ ነው፤ የቱሪስት ጓዝ በበቅሎ እየጫነ ተራራውን ይወጣል። ሁለቱ በሎጁ በር ላይ፣ በጓዝና በገመድ መካከል ተያዩና በዚያው ቀሩ። አቶ ዋሴ ለዓመታት «ልጄን ለበቅሎ ጫኝ!» እያሉ ቤቱን ሲያናውጡት ኖሩ።

ከዚያ ፀጋው ወደቀ። ወደ ጊች በሚወስደው ዳገት ላይ በቅሎዋ ከነጭነቷ ስትንሸራተት ገመዱን አልለቅም ብሎ አብሯት ተንከባለለ። በቅሎዋ ደህና ሆነች። የእሱ ቀኝ ክንድ ግን አጥንቱ ደቆ፣ ቁስሉ መግል ቋጥሮ፣ የሞተው አጥንት ተጠርጎ ሲወጣ መሀሉ ባዶ ቀረ። እጁን ሲያነሳ መዳፉ እንደ ጨርቅ ይታጠፍ ነበር። አንዱ ሐኪም ይቆረጥ አለ። አዲስ አበባ ያሉት ግን ሌላ መላ አላቸው፤ ከእግሩ ቀጭኑን አጥንት ከነደም ስሩ አውጥተው ክንዱ ውስጥ ተከሉለት። ደም ስሩን ከደም ስር ጋር በማይክሮስኮፕ እያዩ ከጸጉር በቀጠነ ክር ሰፉት። እንዲያ ሲደረግ አጥንቱ ደም እያገኘ በሕይወት ይኖራል፤ እያደርም ከጎረቤቱ አጥንት ጋር ይገጥማል።

ያን ቀን ሶልያና ከቤት ስልጠና አለብኝ ብላ ወጥታ የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ተቀምጣ ዋለች። ደምም ሰጠች። አቶ ዋሴ ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ ጮኹ፣ ቀጥሎ ታመሙ፣ በመጨረሻ «እንዲህ ካበደችማ ምን አደርጋለሁ፤ ሽማግሌ ይላክ» አሉ። ይህችን ቃል ከአፋቸው ለማውጣት ስንት እንባ እንደፈሰሰ እኔና እናንተ እናውቃለን።

እና ሽማግሌው አልመጣም። አንድ ሳምንት፣ ሌላም ሳምንት ተጠበቀ። በመጨረሻ በሚኒባስ ረዳት እጅ ይህች ወረቀት መጣች። ፊደሉ ይንጋደዳል፤ ፀጋው በተጠገነው ቀኝ እጁ የጻፈው የመጀመሪያ ደብዳቤ ነው። ሶልያና ይህን ደብዳቤ ስትመኘው ኖራለች። ምን ብሎ እንደሚጀምር፣ የት ጋ እንደምታለቅስ ሁሉ አስባ ጨርሳ ነበር። ከፈተችው።

«ሶሊዬ፣ አባቴ ሽማግሌ አልልክም አሉ። ደሟን ሰጥታሃለች፣ እህትህ ናት ይሉኛል። ምን ላድርግ? ያንተው ፀጋው» ይላል። «ያንቺው» ለማለት እንኳ ተደናግጦ «ያንተው» ብሎ ጽፏል።

«ምን ላድርግ!» አለች ሶልያና ጮክ ብላ፣ ቧሂትን ሲሻገሩ።

አያ አገኘሁ ደነገጡ። «ምነው ልጄ?»

«ምንም። 'ምን ላድርግ' ብሎ እኔን ይጠይቀኛል እኮ!»

አቶ ዋሴ ወረቀቱን ያነበቡ ጊዜ የሆኑትን ብነግራችሁ አታምኑኝም። «እኔ! ዋሴ! ልጄ አትፈለግም ልባል!» እያሉ ግቢውን ዞሩት። «እምቢ ባዩ እኮ እኔ ነበርኩ! ወጉ እንደዚያ ነው!» ሲሉም ተሰሙ። ከዚያ ቁርጡን ተናገሩ። ሄዳ ትጨርስ፤ ይሁንታ ይዛ ካልተመለሰች የዚያን ልጅ ስም ዳግመኛ በዚህ ቤት አልሰማም። አቶ ዋሴ ደግሞ በቁጣ የተናገሩትን አይረሱም።

*

ፀጋው መካነ ብርሃን ላይ መኪናው ከሚቆምበት ራቅ ብሎ፣ ነፋስ በሚመታው ቦታ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። አየችው። ያች ስትወዳት የኖረች፣ አፉ ገና ሳይስቅ ዓይኑ ላይ ቀድማ የምትታይ ሳቅ ፊቱ ላይ አለች። ማየቷ ራሱ አናደዳት። እንደ ምንም ኮስተር ብላ ቀረበችው።

«እጅህን ሸፍን» አለችው።

«እንደምን ከረምክ አይባልም?»

«እንደምን ከረምክ። እጅህን ሸፍን። ብርድ አይንካው አልተባለም?»

«እሱ እኮ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ነው፤ ዶክተሩ ራሱ...»

«እኔ አልኩ!»

የሠራችለትን የሱፍ እጅጌ ከኪሱ አውጥቶ ክንዱ ላይ ሳበው። አያ አገኘሁ ነገሩ ገባቸውና ጫማቸውን የሚያስሩ መስለው ወደ ኋላ ቀሩ።

«ማን ተናገር አለህ?»

«ምኑን?»

«ደሙን ነዋ ፀጋው! ምኑን ይለኛል!»

አንገቱን ደፋ። «ሰርግ ቤት ነበርን። 'የባለሎጅ ልጅ ነገ ትንቅሃለች' ሲሉኝ፣ 'እሷ ደሟን የሰጠችኝ ናት፣ ይሄ አጥንት የቆመው በእሷ ደም ነው' አልኳቸው። ስምሽ ከፍ እንዲል ብዬ ነው እኮ።»

«እና ከፍ አለ?»

«በጣም ከፍ አለ እንጂ። እህቴ ሆንሽ።»

ሳቋ ሊመጣባት ሲል ዋጠችው። ይህ ሰው ሲያናድድ እንኳ ደህና አድርጎ አያናድድም።

«ስማኝ» አለች። «የሰጠሁት ደም ላንተ አልገባም።»

«እንዴት?»

«ደም ባንክ ነው የሚወስደው። ይመረመራል፣ ይቀመጣል፣ ለሚስማማው ሰው ይሰጣል። ላንተ የገባው የማን እንደሆነ አይታወቅም። የኔም ዛሬ ማን ጋ እንዳለ እግዜር ይወቀው።»

ፀጋው ቆመ። ግራ እጁን አንስቶ ቀኝ ክንዱን፣ ጠባሳው ካለበት ላይ፣ ያዝ አደረገው። ፊቱ ላይ የነበረችው ሳቅ ጠፋች።

«ሲጠዘጥዘኝ» አለ ቀስ ብሎ፣ «'እሷ አለች እዚህ ውስጥ' እል ነበር። እንደዚያ ስል ይተወኛል።»

ሶልያና ልቧ ተሰበረ። የተሰበረ ልቧን ይዛ መልሳ ተናደደች። «እኔ እዚህ ቆሜልሃለሁ አይደል? ክንድህ ውስጥ ምን ልታደርገኝ ፈለግክ?»

ፀጋው እጅጌውን ወደ ታች ሳብ አደረገው።

«ለአባትህስ ምን አልካቸው? እህትህ ናት ሲሉህ?»

«ምን እላለሁ ሶሊ፣ አባቴ እኮ ናቸው።»

«'እምቢ' አትልም? አንዲት ቀን፣ ለአንድ ሰው፣ እምቢ አትልም? ካንተ ጋር ከተዋወቅን ጀምሮ ከዚያች በቅሎ ገመድ በቀር አጥብቀህ የያዝከው ነገር አላየሁም!»

ይህን ብላ ጥላው ወደ ቤቱ መንገድ ወጣች። ትንሽ እንደሄደች ስለ ክንዱ ያን ያህል መናገር እንዳልነበረባት ተሰማት፤ ዞራ ግን አላየችውም። ከኋላዋ የሁለት ሰው እርምጃ ይሰማታል፤ አንዱ የአያ አገኘሁ ነው፣ ሌላው የፀጋው።

*

የፀጋው አባት አባ ዝናቡ መደብ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። በዚያ በጃናሞራ አገር ማን ከማን እንደሚዛመድ እሳቸውን ሳይጠይቅ ልጁን የሚድር የለም፤ ሰባት ቤት ቆጥረው ከማይሆን ጋብቻ ያስጣሉት ሰው ብዙ ነው። ከጎናቸው የነፍስ አባታቸው ቄስ አለምነህ አሉ። የፀጋው እናት እማማ የሺወርቅ ጠላ ቀድተው ጓዳው በር ላይ ቆሙ።

አያ አገኘሁ ተነስተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ጌታዬ፣ ወጉ ተገላቢጦሽ ሆነብን። የሴት ወገን ተነስቶ የወንድ ደጅ ሲጠና በዕድሜዬ አላየሁም። ግን ልጆቹ ከተዋደዱ ብለን መጣን።»

«ደህና መጣችሁ» አሉ አባ ዝናቡ። «ልጅቱን ጠልቼ እንዳይመስላችሁ። እግዜር ያክብራት፣ ልጄን አትርፋልኛለች። እንደ ልጄ ነው የማያት። ቤቷ ነው፣ ስትፈልግ ትምጣ፣ ወንድሟን ትጠይቅ።»

ሶልያና «ወንድሟን» የሚለውን ስትሰማ ጥርሷን ነከሰች።

ቄስ አለምነህ ጣልቃ ገቡ። «ዝናቡ፣ ነግሬሃለሁ። ዝምድና በዘር ነው፣ በክርስትና ልጅነት ነው። በመርፌ የገባ ደም ያዛምዳል የሚል ሥርዓት እኔ አላነበብኩም።»

«ይፍቱኝ አባ። የጡት ልጅስ? ከአንዲት እናት ጡት የጠቡ ሲጋቡ አይተው ያውቃሉ?»

«እሱስ አይጋቡም።»

«ወተት ካዛመደ ደም እንዴት አያዛምድም?»

ቄሱ ጥምጣማቸውን ነካ ነካ አደረጉ። «እንግዲህ እሱን... ሀገረ ስብከት ጠይቀን...»

«አባባ!» አለች ሶልያና።

ሁሉም ዞሩ። ዝም ብላ ልትውል ለአባቷ ቃል ገብታ ነበር፤ ቃሉ ግን ቧሂት ላይ ነው የቀረው።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔ እዚያ ነበርኩ። አጥንቱ የራሱ ነው፤ ከገዛ እግሩ የወጣ። የሚያጠጣው ደም ስርም አብሮት የመጣ ነው፤ የሌላ ሰው ምንም የለበትም። የሰጠሁት ደምም ለእሱ አልገባም። ባንክ ነው የሚገባው። ለእሱ የማን እንደተሰጠው ሐኪሞቹም አያውቁም።»

አባ ዝናቡ ጋቢያቸውን ከአፋቸው ላይ ገለጥ አደረጉ። «አይታወቅም?»

«አይታወቅም!» አለች፤ ተስፋ ሲያንሰራራ ድምፅዋ ውስጥ ተሰማ።

«የጎንደር ሰው ይሁን የጎጃም?»

«አይታወቅም።»

«የወንድ ይሁን የሴት?»

«ኧረ ምንም አይታወቅም አባባ!»

«እንግዲያማ ባሰ!» አሉ አባ ዝናቡ፣ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው መትተው። «ያንቺን ቤትስ አውቀዋለሁ፣ እቆጥረዋለሁ። የማይታወቅ ሰው ደም ይዞ ማንን ያገባል? አገር ምድሩ ዘመዱ ሆኖ የለም እንዴ! መመንኮስ ነው እንጂ ሌላ ምን አለው?»

«ኧረ ልጄን አታመንኩሱብኝ!» አሉ እማማ የሺወርቅ ከጓዳው በር።

ሶልያና ተነስታ ቆመች። «አባባ፣ ካልፈለጉኝ አልፈልግሽም ይበሉኝ! የሀብታም ልጅ አልወድም ይበሉ፣ መልክሽ አላማረኝም ይበሉ! ለዓመታት አባቴን ስለምን ኖርኩ፤ አሁን ደግሞ እርስዎን! አንድ ሰው እንኳ 'እነዚህ ልጆች ምን ይሰማቸዋል' ብሎ አይጠይቅም?»

ፀጋውን ፈለገችው፤ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሁሉም የሚናገሩት ስለ እሱ ነው፣ እሱ ግን ቃል የለውም። ሰው ያየው ሲመስለው ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ፤ ቀጥሎም ወጥቶ ሄደ።

«ወጣ» አለች ሶልያና ለራሷ። «ወጣ እኮ!» በሕይወቷ እንደዚያን ሰዓት ብቻዋን ሆና የምታውቅ አልመሰላትም።

«ቁጭ በይ ልጄ» አሉ አባ ዝናቡ። ድምፃቸው ተለውጧል። «ጠልቼሽ አይደለም ብዬሻለሁ። ከየሺወርቅ በፊት ሚስት ነበረችኝ። ሙሉወርቅ ትባላለች። ጎጆ ወጥተን፣ ጊደር ገዝተን፣ ደህና እንኖር ነበር። አንድ ለቅሶ ላይ አንድ ሽማግሌ ሲቆጥሩ ስድስተኛው ቤት ላይ ገጠምን። በማግስቱ ወንድሞቿ መጥተው ወሰዷት፣ ወደ ዳባት ዳሯት። ስትሄድ ዞር እያለች ታየኝ ነበር። እኔ መሬት መሬት አያለሁ።» ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «ቆጠራ የተማርኩት ከዚያ ወዲያ ነው። ልጄ እንደዚያ እንዳይሆን፣ ከገባ በኋላ እንዳይነጠቅ ብዬ ነው። ክፋት አይደለም።»

ሶልያና ተቀመጠች። የምትናደድበት ሰው ነበራት፤ አሁን እሱንም አጣች። ለእኒህ ሽማግሌ አዘነች፤ ለራሷም አዘነች፤ ከሁሉ በላይ ግን ደክሟት ነበር።

*

በሩ ጨለም አለ። ፀጋው ነው። ጎንበስ ብሎ ገባ፤ ማጅራቱ ላይ ከአጥሩ ካብ የነቀለውን ድንጋይ ተሸክሟል። እንጎቻ የምታህል ጠጠር እንዳይመስላችሁ፤ አያ አገኘሁ ከነቁርጥማታቸው የማይደፍሩት ድንጋይ ነው። ግራ እጁ ከአንድ በኩል፣ ያ የተጠገነ ቀኝ እጁ ከሌላው በኩል ደግፈውታል። መጥቶ አባቱ ፊት አጎንብሶ ቆመ።

ሁሉም ብድግ አሉ። በዚህ አገር ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ የጠናን ሰው ተለማኙ እሺ ካለው ድንጋዩን በገዛ እጁ ያወርድለታል፤ ከወረደ ነገሩ አበቃ፣ ወዲያ የሚነሳ ጥያቄ የለም። እሺ ካላለው ፊቱን ያዞራል። አባ ዝናቡ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ፀጋው!» ሶልያና ጮኸች። «አብደሃል? አስቀምጠው! እስከ ፋሲካ ከባድ አታንሳ አልተባልክም? አስቀምጥ አልኩህ!»

«አላስቀምጥም» አለ።

ለማንም እምቢ ብሎ የማያውቅ ሰው የመጀመሪያዋን እምቢታ የሰጠው ለእሷ ነው! እምቢ እንዲል ስትለምነው ውላ፣ አሁን በገዛ እምቢታው አንጀቷን ይበጥሰዋል።

«እባክህ» አለች። «ያን ሁሉ የሰፉትን...»

«ዝም በይ ሶሊ። አንዴ ልናገር።» ድምፁ ከድንጋዩ በታች ታፍኖ ይወጣል። «አባዬ፣ ደሙ የማንም ይሁን። ማን እንደሆነ አላውቀውም፣ እግዜር ይስጠው። እኔ ሰባት ቤት መቁጠር አልችልም። የማውቀው፣ እዚያ ተኝቼ ዓይኔን ስገልጥ በሩ ላይ የነበረችው እሷ ናት። ለሰው በቅሎ ብዬ ክንዴን ሰጥቻለሁ፤ ማንም አልከለከለኝም። ለእሷ ብሰጠው አይቆጨኝም።»

አባ ዝናቡ ግድግዳውን ያያሉ። ጋቢው ትከሻቸው ላይ ከፍ ዝቅ ይላል።

የፀጋው ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ጣቶቹ ነጡ፣ ቀጥሎ አንጓው ከዳው፣ ድንጋዩ ወደዚያው ጎን አዘነበለ። ፀጋው አቃሰተ። ሶልያና ጠላውን ረግጣ ሮጠች። ግን ከእሷ የቀደመ ሰው ነበር። አባ ዝናቡ ያችን ማቃሰት ሲሰሙ ዞሩ፣ ጋቢያቸው ወደቀ፣ በሁለት ክንዳቸው ድንጋዩን ከልጃቸው ማጅራት ላይ ነጥቀው ደረታቸው ላይ አቀፉት።

«ክንዱ!» ይላሉ። «ክንዱን እኮ ነው! ዝም ብላችሁ ታያላችሁ? ክንዱ ሊሰበር!»

«ወረደ!» አሉ አያ አገኘሁ። «ድንጋዩ ወረደ! በወላጅ እጅ ወረደ! አባ፣ አይተዋል?»

«አይቻለሁ» አሉ ቄስ አለምነህ፤ ሀገረ ስብከት ከመሄድ የተገላገሉ ሰው ናቸውና ፈጥነው መሰከሩ። «በዓይኔ በብሌኑ አይቻለሁ።»

«ኧረ እኔ ለክንዱ ብዬ...» ጀመሩ አባ ዝናቡ።

«ለምንም ይሁን! ወርዷል!»

ሶልያና ይህን ሁሉ አልሰማችም። የሱፉን እጅጌ ወደ ላይ ሰብስባ ጠባሳውን ከላይ እስከ ታች በጣቷ ትዳብሳለች፤ እንባዋ ክንዱ ላይ ይንጠባጠባል። «ጣትህን አንቀሳቅስ» ትለዋለች። «አውራ ጣትህን። አሁን ትንሿን። ደደብ! ያምሃል? እዚህ ጋስ? መዳፍህን ጨብጥ እስቲ።» ጨበጠ፤ የጨበጠው የእሷን እጅ ነው። ከደባርቅ ይዛው የመጣችው ንዴት አሁን የሚያርፍበት አጣ። ግንባሯን ክንዱ ላይ ደፍታ፣ ሰው ፊት መሆኗን ረስታ አለቀሰች።

አባ ዝናቡ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ድንጋዩን ግን አላስቀመጡትም፤ ጭናቸው ላይ አድርገው ያዩታል።

«ይህን ያህል ብቻ ነበር እንዴ?» አሉ።

«ምኑ?» አሉ አያ አገኘሁ።

«ክብደቱ።» እጃቸውን ድንጋዩ ላይ አሳለፉት። «ያኔ ብሸከመው ኖሮ... አልሞከርኩትም እኮ። መሬት መሬት ሳይ ቀረሁ።»

እማማ የሺወርቅ ከጓዳው በር መጡ። ባላቸው ፊት ቆመው ትንሽ አዩአቸው። ከዚያ ጎንበስ አሉና በሁለት እጃቸው ድንጋዩን ከጭናቸው ላይ አነሱላቸው።